ቡናዬ ሊያብብ ነው ወይስ ካፊያው አታለለኝ?

የጓሮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐረር ወደ ኤረር ሲወረድ አባቴ የተዉልኝ ትንሽ የቡና ጓሮ አለችኝ። እኔ ከተማ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜና እሁድ እወርዳለሁ። አባቴ ካረፉ ይህ ሁለተኛው በልግ ነው።

ለሌላው አገር አበባ ማለት መስከረምና አደይ ነው። የእኛ ጓሮ ነፍስ የሚዘራው ግን በልግ ሲገባ ነው። አባቴ ቀኑን ቀድመው ያውቁት ነበር። ጠዋት ቅርንጫፉን በሁለት ጣት ይይዙና ወደ ብርሃን አዙረው «ገና ነው» ወይም «ደረሰ» ይላሉ። ምን እንደሚያዩ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ካፊያ ጣለ። አቧራውን እንኳ በቅጡ አላጠፋም። ዛሬ ሳይ በየቅጠሉ ሥር እምቡጦች ተጠጋግተው ቆመዋል። አረንጓዴ ናቸው፣ የሩዝ ፍሬ ያክላሉ፣ ሲነኩ ጣት ላይ ትንሽ ያጣብቃሉ። ዝናቡ ግን ጠፋ። በጀሪካን ላጠጣቸው ወይስ ይታገሱኛል? እናንተስ በልግ መግባቱን በምን ታውቃላችሁ?

ቡና ለቃሚ፦
እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። የቡና እምቡጥ በጋውን ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ደህና አድርጎ የጣለ ዝናብ ነው። በካፊያ ጥቂቱ ይነቃል፣ ሌላው ቀጣዩን ይጠብቃል። ለዚህ ነው ቡናችን ሁለት ሦስቴ የሚያብበው። ለቀማውም ለዚህ ነው በአንድ ዙር የማያልቀው፤ ቀይ ቀዩን እየመረጡ መመላለስ ነው።

አባትሽ የሚያዩት ቀለሙን ይመስለኛል። አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ነጥቶ እንደ ሻማ ቀጥ ሲል በማግስቱ ይፈነዳል። ደህናው ዝናብ ከጣለበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀን ነው። አበባው የሚቆየው ግን 2 ወይ 3 ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜን ከጠበቅሽ ሊያመልጥሽ ይችላል።

ውሃ ካጠጣሽ ሥሩ ድረስ ይግባ። ላይ ላዩን መርጨት ዋጋ የለውም። ግንዱ ዙሪያ ደረቅ ቅጠል አልብሺው። ሲያብብ ደግሞ ፀረ ተባይ እንዳትረጪ፣ ንብ አለበት።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ደስ የሚል ጥያቄ! እኔ ድሬ ነኝ፣ ለቡና ሙቀቱ አይሆንም። ግቢዬ ውስጥ አንድ ማንጎና አንድ ሎሚ አለኝ። እኛን አንዳንዴ የሚነግረን በከተማችን የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ደጋ ላይ የጣለው ውሃ ድንገት አሸዋውን ሞልቶ ይወርዳል። ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ ያንን ድምፅ ስሰማ ልቤ ይደነግጣል። ድሬ ራሷ ከዘነበላት ደግሞ ማታ አሸን መብራቱ ዙሪያ ይፈላል። ጠዋት በረንዳው ክንፍ በክንፍ ነው፣ ዶሮዎቼ ይሻሙበታል። ያን ጊዜ በልግ ገባ እላለሁ።

እማማ ቁቲ፦
ልጄ፣ ቁቲ ለማፍላት የቡና ቅጠል ስትቆርጪ እምቡጥ ከያዘው ቅርንጫፍ አትንኪ። አበባው መከፈቱን ደግሞ አፍንጫሽ ከዓይንሽ ቀድሞ ይነግርሻል። ማለዳ ነው መሄድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

የጓሮ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ረቡዕ ማታ ደህና ዝናብ ጣለ። ከዚያ ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ። በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በማለዳ ወረድኩ። እማማ እንዳሉት ነው፤ የአጥሩን በር ሳልከፍት ሸተተኝ። ጃስሚን ጃስሚን ይላል። የላይኛው ረድፍ ነጭ ለብሷል፣ ንቡ ከአሁኑ ገብቶበታል። አንዷን አበባ ቀርቤ ቆጠርኩ፣ አምስት ቅጠል አላት።

ከዚያ ወደ ታችኛው ረድፍ ሄድኩ። ቅርንጫፉን በሁለት ጣት ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኩት። እሱ ገና ነው።