ወፍጮው ሲነሳ የትራክተር ጄነሬተሩ ሄርዝ ይወርዳል፣ ምን ላድርግ?

ወገኖች እርዱኝ። አርሲ ገጠር ነው ያለሁት፤ መብራት ሲጠፋ ለወፍጮ ብለን በትራክተር ፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ ባለው የሚዞር ዘንግ) የሚሠራ ጄነሬተር ገዛን። ያለ ጭነት ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር ላይ ሲሆን መለኪያው 50 ሄርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) እና 380 ቮልት ያሳያል፣ ወፍጮው ሲነሳ ግን ወደ 44 ሄርዝ ይወርድና ሞተሩ ያቃስታል። ነዳጅ ብጨምርለት ደግሞ ወፍጮው ሲጠፋ ዙሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ፍሪጁን እንዳያቃጥለው ፈራሁ። ያለ ጭነት 52 ሄርዝ ላይ ብጀምር ችግር አለው? ወይስ የትራክተሩ ጉልበት አንሶ ነው?

ሌላው፣ አንድ ኤሌክትሪሺያን "ዋናውን ብሬከር አውርደህ ጄነሬተሩን የቤቱ ሶኬት ላይ ሰካው" አለኝ። እሱን እንኳ አልሞክረውም፤ ብሬከሩ ሳይወርድ ተረስቶ ቢቀር የጄነሬተሩ ኃይል ወደ ውጭ መስመር ይወጣና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን አሳድጎ መስመር የሚጠግነውን ሰው ይገድላል። ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመብራት መስመር ወደ ጄነሬተር የሚያዛውረው ማብሪያ) ሦስቱን ፌዝ ብቻ የሚቆርጠው ባለ 3 ፖል ይበቃል ወይስ ኑትራሉንም የሚቆርጠው ባለ 4? የካርዳኑ (ትራክተሩን ከጄነሬተሩ የሚያገናኘው የሚዞር ዘንግ) መሸፈኛ ፕላስቲክም ተሰብሯል፤ እዚህ ጋቢ ለብሶ የሚጠጋው ብዙ ነውና ልብሱን እንዳይጠመጥምበት የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ቶሎ ጠቁሙኝ።