ጭጋግ ሲወርድ የሌሊት ማያው ነጭ ብቻ ያሳያል፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው። በቆሎው እሸት ይዟል፤ የዱር አሳማና ጃርት ሌሊት እየገቡ ያወድሙታል። ለጥበቃ የያዝኩት ዲጂታል የሌሊት ማያ (በጨለማ የሚያሳይ መሣሪያ) በጠራ ሌሊት 100 ሜትር ድረስ ያሳያል። ጭጋግ ሲወርድ ግን ስክሪኑ ወተት ይመስላል፤ ባለ 850 ናኖሜትሩ ኢንፍራሬድ (ለዓይን እምብዛም የማይታይ ብርሃን) መብራት ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ከጭጋጉ ጠብታ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ኃይሉን ስቀንሰው ነጩ ይሳሳል፣ ርቀቱ ግን ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። ሌንሱ ተጠርጓል፣ 18650 ባትሪውም አዲስ ነው።

ያሰብኩት የራሱን መብራት አጥፍቼ፣ ጠባብ ጨረር ያለው ሌላ ኢንፍራሬድ መብራት 2 ሜትር ወደ ጎን እንጨት ላይ ማሰር ነው። ባለ 940 ናኖሜትሩን ልግዛ? እንደ 850ው ቀይ ፍም አይታይበትም፤ የማያው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) ግን ለእሱ ደካማ ስለሆነ ርቀት ይቀንሳል። በጭጋግ የሞከራችሁ፣ እባካችሁ እሸቱ ሳያልቅ ንገሩኝ።