ደቻቱ የወሰደብኝ መርከብ

የድሬ ልጆች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ጂኦካሺንግ ታውቃላችሁ? አንዱ ዕቃ ይደብቃል፤ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ስሙን ጽፎ ቦታው ይመልሰዋል።

ለእህቴ ልጆች ብዬ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሦስት ዕቃ ደበቅኩ። ክዳናቸው ጥብቅ የሚል የማር ፕላስቲኮች ናቸው። በየውስጣቸው የአንድ የሰመጠ መርከብ ታሪክ አለ። አንዱ ቫሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ በመጀመሪያ ጉዞው ሰምጦ በ1961 ወጣ። አንዱ ታይታኒክ። እኔ የምወደው ግን አረቢያን ነው። በ1856 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ወንዝ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ወግቶት ሰመጠ። ከዚያ ወንዙ መንገዱን ቀየረ። በ1988 ቁፋሮ ሲጀመር መርከቡ እርሻ ስር ነበር፣ 14 ሜትር ገደማ ጠልቆ! አሸዋ ምን እንደሚውጥ ለድሬ ሰው አይነገርም።

ቫሳንና ታይታኒክን ድንጋይ ስር ነበር ያደረግኳቸው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘነበ፣ ጎርፉ ሁለቱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው። አረቢያን ግንቡ ላይ በሽቦ አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ጠርሙስ የሚለቅሙ ልጆች ፈትተው ወሰዱት፤ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። መቅበር በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው። ልጆቹን ደግሞ ወንዙ ውስጥ አላስገባም፤ በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ይገባዋል።

በከዚራም ሆነ በመጋላ ሰፈር በኩል፣ ሳልቆፍር፣ ጎርፍም የሰው እጅም የማይደርስበት የደቻቱ ዳርቻ የቱ ጋ ነው?