ኬብሉ ሲረዝም ፊደሉ ይዘላል፤ ሬዚስተር ይፈታዋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። አዳማ ውስጥ ለሱቆች የሚሮጥ ጽሑፍ የሚያሳይ የኤልኢዲ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ሰሞኑን ለአንድ ካፌ የሠራሁት አስቸገረኝ። ቤት ውስጥ በ10 ሳንቲ ሜትር ኬብል ጥርት አድርጎ ይሠራል። ካፌው ላይ ግን አርዱይኖው (ፓኔሉን የሚያዘው ትንሽ ሰርኪት ቦርድ) ከውስጥ፣ ፓኔሉ ከበሩ በላይ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ኬብል ተጠቀምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ፊደሎቹ ወደ ጎን ይዘላሉ። የክሎኩን (ፓኔሉ ዳታውን መቼ እንደሚያነብ የሚነግረው ሲግናል) ፍጥነት በግማሽ ቀነስኩ፣ ያው ነው። ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ያው። ጓደኛዬ «ሬዚስተር በሲሪስ አስገባበት» አለኝ፤ ሽቦውን ቆርጦ መሃሉ ላይ መቀጠል ማለት ነው። ሲግናሉን አያዳክመውም? የትኛው ጫፍ ላይ? ስንት ኦም?

መልስ 1፦
ጓደኛህ ልክ ነው። ክሎኩን መቀነስህ ያልረዳህ፣ ችግሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ መላክህ ሳይሆን ሲግናሉ ከ0 ወደ 5 ቮልት የሚወጣበት ፍጥነት ስለሆነ ነው። እሱ ጥቂት ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። 60 ሳንቲ ሜትሩን ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ወደ 6 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። ጫፉ ላይ ያለው ቺፕ ሲግናሉን አያስቀረውም፤ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሰዋል፣ አርዱይኖው ጋ ሲደርስም እንደገና ይመለሳል። በዚህ መመላለስ ቮልቴጁ ይዋዥቅና ፓኔሉ አንዱን ክሎክ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። ፊደሉ የሚዘለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሬዚስተሩን አርዱይኖው ጋ፣ ሲግናሉ ከሚወጣበት ፒን (እግር) አጠገብ አስገባው። የፒኑ የራሱ ሬዚስታንስ 25 ኦም ገደማ ነው፤ ያ ከምታስገባው ጋር ተደምሮ የኬብሉን ኢምፔዳንስ (ኬብሉ ለፈጣን ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ)፣ 100 ኦም አካባቢ፣ መምታት አለበት። 68 ወይም 82 ሞክር። አያዳክመውም። መጀመሪያ ግማሹ ቮልቴጅ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ሲንጸባረቅ በላዩ ተደምሮ ሙሉ ይሆናል፣ የሚመለሰው ደግሞ ሬዚስተሩ ጋ ያልቃል።

መልስ 2፦
ይህ የሚሠራው ተቀባዩ ጫፉ ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ኬብሉ መሃል ላይ ሌላ ቺፕ ከቀጠልክ ለትንሽ ጊዜ ግማሽ ቮልቴጅ ስለሚያይ ይሳሳታል። ደግሞ የግራውንድ (የሲግናሉ መመለሻ) ሽቦዎቹን ሁሉንም አገናኝ፤ ብዙ ሰው አንዷን ብቻ አገናኝቶ ይተዋል።

ጠያቂ፦
68 አላገኘሁም። ሁለት 150 ኦም በፓራለል አድርጌ 75 አወጣሁ። የክሎኩ ሽቦ ላይ ብቻ ነው ያስገባሁት፣ ግራውንዶቹንም አገናኘሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድም ፊደል አልዘለለም። ዛሬ የዳታ ሽቦዎቹ ላይም አስገባለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሞቼ።