ፋብሪካው የሠራተኞቹን የሕመም ዓይነት በዝርዝር እንድንልክለት ይጠይቃል፤ ክሊኒኩ የመስጠት ግዴታ አለበት?

ባለ ክሊኒኳ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን አንድ መካከለኛ ክሊኒክ አስተዳድራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች ከአንዱ ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ገብተናል። ሠራተኛው የሥራ መታወቂያውንና የመላኪያ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እኛ እናክመዋለን፤ ወር ሲያልቅ ሒሳቡን ከነዝርዝሩ ለፋብሪካው እንልካለን። በዝርዝሩ ላይ የሠራተኛው ስም፣ የታከመበት ቀን፣ የተገኘበት በሽታ፣ የታዘዘለት ምርመራና መድኃኒት፣ በመጨረሻም ዋጋው ይሰፍራል። ውሉ ሲፈረም ይህን ማንም እንደ ነውር አላየውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁትም።

ያሳሰበኝ ባለፈው ወር የሆነው ነው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ለጨጓራ ሕመም መጥታ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የእርግዝና ምርመራ አደረገላትና ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች። ዝርዝሩ እንደ ወትሮው ወደ ፋብሪካው ሄደ። ልጅቷ ለባለቤቷ እንኳ ሳትነግር የክፍሏ ኃላፊ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ወደ ክሊኒኩ ተመልሳ ስትመጣ አልጮኸችም፤ ካርድ ክፍሉ ፊት ቆማ «ማን ነገራቸው?» ብቻ አለች። የምመልስላት አጣሁ።

አሁን ውሉ ሊታደስ ነው። ፋብሪካው ሕክምናውን የምከፍለው እኔ ስለሆንሁ ለምን እንደምከፍል የማወቅ መብት አለኝ ይላል፤ አነጋገሩም ከእውነት የራቀ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ስለ ግል ዳታ ጥበቃ አዲስ አዋጅ መውጣቱን ሰምቻለሁ። አዋጁ እንደ እኛ ያለውን ትንሽ ክሊኒክ ይመለከታል? ዝርዝሩን ብከለክልና ውሉ ቢፈርስ ጉዳቱ ቀላል አይደለምና፣ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የሕግ ባለሙያ (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ ጥያቄሽ አራት ሕጎችን ይነካልና በተራ ልመልከተው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአንድን ሰው የጤና ሁኔታ የሚገልጽ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው የግል ዳታዎች ጋር መድቦታል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የተቋሙን ትልቅነት ሳይሆን የያዘውን መረጃ ዓይነት ነው የሚያየው፤ ስለዚህ በየቀኑ የሰው ገመና የምትመዘግብ ክሊኒክ «እኔ ትንሽ ነኝ» ብላ የምታመልጥበት በር አይታየኝም። ይሁንና አዋጁ ባይወጣም ኖሮ ዝርዝሩን መላክ ትክክል አይሆንም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣን ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ይቀጣል። አዲሱ አዋጅ ያመጣው ለውጥ፣ ቀድሞ በዋናነት በባለሙያው ላይ ያረፈውን ኃላፊነት የተቋሙም ግልጽ ግዴታ ማድረጉ ነው።

«የምከፍለው እኔ ነኝ» የሚለውን ክርክር በጥንቃቄ እንየው። ከፋዩ ማወቅ የሚገባው የተጠየቀው ገንዘብ በእርግጥ ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን ነው፤ የሠራተኛውን ሆድ ዕቃ ማወቅ ግን ለዚህ አያስፈልገውም። በስም ፋንታ የሥራ መታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የአገልግሎቱ ምድብ፣ ማለትም ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት እየተባለ፣ ከዚያም ዋጋው ቢሰፍር ሒሳቡን ለማጣራት ይበቃል። ፋብሪካው ሒሳቡን ከተጠራጠረ ደግሞ ሁለታችሁም የምትስማሙበት፣ በሙያ ምስጢር የታሰረ ሐኪም መዝገቡን እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ያመሳክር።

አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛው ሲቀጠር «የጤና መረጃዬ ለድርጅቱ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። በዚያ ወረቀት እንዳትመኪ እለምንሻለሁ። ሥራ ፍለጋ ከመንዝ ወይም ከተጉለት የመጣ ወጣት በቅጥር ቀን የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል፤ እምቢ ቢል ሥራውን እንደሚያጣ እያሰበ የሰጠው ፈቃድ በነጻ የተሰጠ ነው ማለት ይከብዳል።

የልጅቷን ነገር በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ እንዳትሰናበት ይከለክላል፤ 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድም ይሰጣታል። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድም የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ደመወዟ አይነካም። እነዚህን መብቶች ለመጠቀም አንድ ቀን ለአሠሪዋ መንገሯ አይቀርም፤ ቀኑን የምትመርጠው ግን እርሷ ነበረች።

ከሰው ሀብት ክፍል (እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ሌላ ፋብሪካ)

የሕግ ባለሙያው ያሉትን አከብራለሁ፤ የእኛም ችግር ግን ይሰማልን። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም የተያዘ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንከፍላለን፣ የቀሩት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ከፋሲካና ከጥምቀት ማግስት የሚመጣውን የሕመም ወረቀት ብዛት ያየ ሰው ለምን እንደምንጠራጠር ይገባዋል። ማኅተሙ የማይነበብ፣ ቀኑ የተፋቀ፣ ፈራሚው የማይታወቅ ወረቀት በእጄ ገብቷል። የበሽታውን ስም የምንጠይቀው ለወሬ አይደለም፤ ማስረጃው እውነተኛ ይሁን አይሁን የምንለይበት ሌላ መንገድ ስላላገኘን ነው።

ነርስ (ሸዋ ሮቢት)

መንገዱማ አለ። እኛ በእያንዳንዱ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላይ ተከታታይ ቁጥር እንጽፋለን፤ ቀሪው ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። አሠሪው ደውሎ ቁጥሩን ሲነግረን «አዎን፣ ይህ ወረቀት በዚህ ቀን ለሦስት ቀን ዕረፍት ከእኛ ወጥቷል» ወይም «የእኛ አይደለም» እንላለን። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አንጨምርም። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲመለስ መጠንቀቅ ያለበት ነገር ካለም «ለሁለት ሳምንት ከባድ ዕቃ አያንሳ» ብለን እንጽፋለን እንጂ ሄርኒያ ነው፣ ዲስክ ነው አንልም። ፎርማኑ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እዚህ ቆላው ውስጥ ወባ ስለሚበዛ በየሳምንቱ ለጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት እናደርጋለን፤ እንደ ኮሌራና ኩፍኝ ያለ ሲጠረጠር ደግሞ ወዲያውኑ። ይህ ግዴታችን ነው፣ የሚሄደው ግን ለጤና መዋቅሩ ነው፣ ለአሠሪ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ገጥሞኛል።

ሌላም ላንሳ፦ የላቦራቶሪ ውጤትን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ መላክ በየክሊኒኩ የተለመደ ነው። የእናንተስ በማን ስልክ ላይ ነው ያለው?

ባለ ክሊኒኳ (ደብረ ብርሃን)

የነርሷ የመጨረሻ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነው ያደረው። በእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የግል ስልክ ላይ ነው ያለው፤ ያ ስልክ ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። አሁን ለክሊኒኩ ብቻ የሚውል ስልክ ገዝተናል፤ በግል ስልክ ላይ የነበረውንም እፊቴ አስጠፍቻለሁ።

የዝርዝሩን ቅጽ የሕግ ባለሙያው ባሉት መሠረት አሻሽዬ ለፋብሪካው አቅርቤዋለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ሳያንገራግር ተቀበለ፤ እንዲያውም የበሽታውን ዓምድ አንብቦት እንደማያውቅ ነገረኝ። የተቃወመው የሰው ሀብት ክፍሉ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፋብሪካው አዲስ ለሚቀጥራቸው ሰዎች የጤና ምርመራ ከእኛ ጋር ያሠራል፤ እርሱንስ እንዴት ላድርገው? እስካሁን የተላኩት የሁለት ዓመት ዝርዝሮችስ ምን ይሁኑ?

የሕግ ባለሙያ (ደብረ ሲና)

የቅጥር ምርመራ በራሱ ክልክል አይደለም። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያደርገዋል፤ ኤች አይ ቪን ግን ከዚህ ለይቶ አውጥቶታል፤ በእርሱ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ማድላትንም ይከለክላል። ስለዚህ በምርመራ ማዘዣው ላይ እርሱ ተጽፎ ቢመጣ ሠርዘሽ መልሺው። ለአሠሪው የሚሄደውም መልስ «ለዚህ ሥራ ብቁ ነው» ወይም «ከአቧራ ርቆ ቢሠራ ብቁ ነው» የሚል ይሁን፤ ዝርዝር ውጤቱን ለተመርማሪው በእጁ ስጪው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን ለብቻው ይታያል፤ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ በሕግ ስለሚሸፍንና የካሳው ልክ በጉዳቱ መጠን ስለሚወሰን፣ ስለዚያ ጉዳት ብቻ የሐኪም ሪፖርት መስጠት ተገቢ ነው። የእጁ ጣት ለተቆረጠ ሰው ስለ ጣቱ ትጽፊያለሽ፤ በዚያው ቀን ስለተገኘበት የስኳር ሕመም አትጽፊም።

የጠፋው ስልክ ነገር ዳግም ቢደርስ በዝምታ አይታለፍ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ እንዲህ ያለውን የዳታ ጥሰት በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ማሳወቅን ይጠይቃል።

ስለ አሮጌዎቹ ዝርዝሮች፣ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፊ። የበሽታው ዓምድ በስሕተት እንደተላከ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ ያለቀ ስለሆነ ለሌላ ጉዳይ እንዳይጠቀሙበት፣ ዓምዱም እንዲሠረዝ ወይም ወረቀቱ በአዲሱ ቅጽ እንዲተካ ጠይቂ፤ ወጪ አድርገሽም ግልባጩን አስቀምጪ። ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ በመደርደሪያቸው ስላለው ወረቀት ተጠያቂዎቹ እነርሱም ናቸው።

ከሰው ሀብት ክፍል (ሌላ ፋብሪካ)

የነርሷን የተከታታይ ቁጥር አሠራር ለኃላፊዬ አሳይቼው ወዶታል። ባለ ክሊኒኳ፣ አዲሱን የሒሳብ ቅጽ ባዶውን ብትልኩልን፣ እኛም ከመጪው ወር ጀምሮ ከምንሠራባቸው ሁለት ክሊኒኮች በዚያ መልክ እንጠይቃለን።