«ያኔ የት ነበርክ?» ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?

አስተዳዳሪ
በዚህ የቴሌግራም ቡድናችን የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክራችን አምስት መልእክት ሳይሞላ «ያኔ የት ነበርክ?» ላይ ይቆማል። ጣናን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ ሲወራ «ደኑ ሲጨፈጨፍ የት ነበርክ?»፣ ስለ መንገድ ሲጠየቅ «ያለፈው ከንቲባ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?» ይባላል። እንዲህ ያለ መልስ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል። ተከራከሩበት፤ ስድብ የለም።

ፔዳ
ይሰረዝ ባይ ነኝ። እንበል አንዱ «የእምቦጭ ማጨጃው ማሽን ለምን ቆመ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ አልቆመም፣ በዚህ ምክንያት ቆሟል፣ ወይም አላውቅም። «ጨረጨራ ላይ የሐይቁ መውጫ ሲገደብ የት ነበርክ?» የሚለው ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ ግን ጠያቂውን ተጠያቂ ያደርገዋል። የጨረጨራው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የተሠራው። ያኔ ያልተወለደ ልጅ ሳይቀር መልስ ፍለጋ ይዳክራል። ራሱን መከላከል ከጀመረ በኋላ ማሽኑን የሚያስታውስ የለም፤ ተመልካቹ ይዞ የሚሄደው ማን እንደተደናገረ ብቻ ነው።

ዘጌ
ወንድምዓለም፣ በጅምላ አትፍረድ። ለ«ያኔ የት ነበርክ?» የሚሰጠው መልስ የመጀመሪያውን አባባል ይለውጠዋል ወይ? መለኪያው ይኸው ነው። ማሽኑ ቆሞ ከሆነ ማንም ይናገረው ማን ቆሟል፤ እዚያ ላይ ጥያቄው ማምለጫ ነው። አንዱ ግን «እኔ ለማንም ሳላደላ ነው የምናገረው፣ እመኑኝ» ካለ ያቀረበው ማስረጃ ራሱን ነው። ያለፈ ዝምታውን ብንጠይቀው ማስረጃውን መረመርን እንጂ አላመለጥንም። «ይህ ከንቲባ ከሁሉም የባሰ ነው» የሚልም ማነጻጸሪያውን ያመጣው ራሱ ነው፤ ስለ ሌሎቹ ቢጠየቅ ምን ይገርማል?

ደግሞ ክልከላው ማንን እንደሚጠቅም አስቡ። ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሁሉ የትናንቱ እንዳይነሳበት ይፈልጋል።

ሽምብጥ
እናንተ በአንድ ጥያቄ ስትፋጩ ትልቁ ማታለያ በቁጥር ተሸፍኖ ያልፋል። «90 በመቶው እምቦጭ ተወግዷል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይሳደባል፤ ከስንት ሄክታር ላይ፣ በየትኛው ወር ተለክቶ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አረሙ በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 10 በመቶው ከተረፈ በዚህ ፍጥነት በስድስት ሳምንት የመነሻውን 80 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት መቶኛ ልክ ሆኖም ያሳስታል። ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል። ያን ጊዜ ዳር ላይ የደረቀው አረም «ጠፋ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ነፋስም አረሙን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ስለሚገፋው የአንድ ቀበሌ ፎቶ ለጠቅላላው ጣና አይመሰክርም፤ ለ«ጠፋ» ባዩም ለ«ሸፈነው» ባዩም።

ፎቶውንም መርምሩ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሳበትን ቀንና ቦታ የያዘው መረጃ ይጠፋበታል፤ ላኪውን «ዋናውን በፋይል መልክ ላከው» በሉት። በጉግል ሌንስ (በምስል መፈለጊያው) ፈልጋችሁ ካጣችሁት ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ እንደገና ፈልጉ፤ ፍለጋ ለማሳት አስቀድመው የሚገለብጡት አሉ። የቪክቶሪያ ሐይቅ እምቦጭ ከጣናው ጋር አንድ ዓይነት አረም ስለሆነ አበባው አይለይላችሁም። ጀልባውን፣ የዳሩን ቤትና ከኋላ ያለውን ተራራ እዩ።

ጢስ ዓባይ
እኔን የሚያሰለቸኝ የጥያቄ ናዳው ነው። በአንድ መልእክት አሥራ ሁለት ክስ ይደረደራል። ለመጻፍ አምስት ደቂቃ፣ ለማጣራት ሙሉ ቀን። አሥራ አንዱን መልሰህ አንዷን ብትተው «ዘለላት!» ይባላል። ሁሉንም አትመልሱ። «ከእነዚህ የምትቆምበትን አንዱን ምረጥ፤ እሱ ቢወድቅ ሐሳብህን ትለውጣለህ?» በሉት። ምርጫውን ግን ለራሱ ተዉለት። እናንተ ከመረጣችሁ «ደካማውን መረጣችሁ» ይላል፣ በዚህ ደግሞ አይፈረድበትም።

ዘንዘልማ
የሰምና ወርቁን ማምለጫ ረሳችሁት። «የጣና ገዳማት በእነ እገሌ ሴራ እየጠፉ ነው» ይልና ሲያፋጥጡት «እኔ ቅርስ ይጠበቅ ነው ያልኩት፣ ቅርስ ትጠላለህ እንዴ?» ይላል። በወርቁ ወግቶ በሰሙ ይሸሸጋል። ቅኔ ቤት ሲሆን ያስመሰግናል፤ ሰው ሲከሰስበት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ገልብጣችሁ መልሳችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ቴሌግራም ላይ አባል የጻፈውን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ስለሚችል ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ሌላው ዛቻ ነው፦ «በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ትጠየቃለህ»፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ማለቱ ነው። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ተሳስቶ ቁጥር የጻፈን ሁሉ አይደለም። ሐሰትነቱን እያወቁ ወይም ማወቅ ሲገባ የተሰራጨ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነ መሆን አለበት። የሚዝተው አብዛኛውን ጊዜ አንቀጹን አያውቀውም፤ «የትኛው አንቀጽ?» ሲባል ዝም ይላል።

ፔዳ
እሺ ዘጌ፣ መለኪያህ ጥሩ ነው። ግን ማን ይለካ? አስተዳዳሪው እኩለ ሌሊት ላይ ተቀምጦ ይሄ ማምለጫ ነው፣ ያ ምርመራ ነው ይበል? ያላመነበትን ሁሉ ማምለጫ ማለቱ አይቀርም። በጥንቱ የችሎት ክርክር፣ በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ተሟጋች በማር በበቅሎ ተወራርዶ ነበር ቃሉን የሚያጸናው፤ እዚህ የሚያስይዘው ነገር የለም። ስለዚህ መሰረዙ ይቅርና ተራ ይኑረው። መጀመሪያ ለቀረበው ነገር «እውነት ነው»፣ «ሐሰት ነው» ወይም «አላውቅም» ይበል፤ ከዚያ የት ነበርክም ቢል፣ ምን በልተህ አደርክም ቢል ይጠይቅ።

ዘጌ
ይህን እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ሲጨመርበት። ጠያቂውም በዚያው ተራ ይገዛ። ተጠያቂው «እውነት ነው፣ ቆሟል» ካለ በኋላ «አንተስ ያኔ ለምን ዝም አልክ?» ቢባል፣ «ርዕስ አትቀይር» ብሎ መሸሽ አይችልም። ዛሬ የዘዴ ስም ጠርቶ ማምለጥም ራሱን የቻለ ዘዴ ሆኗል።

ጢስ ዓባይ
ሁሉም «አላውቅም» እያለ ቢያልፍስ?

አስተዳዳሪ
ይቆጠርበታል። በአንድ ጉዳይ «አላውቅም» ያለ ሰው በዚያው ጉዳይ ሌላውን ውሸታም ማለት አይችልም። ለአንድ ወር እንሞክረው፤ የተቃወመ እስከ ዓርብ ይጻፍ።