የአሸዋ ሜዳ ቮሊቦል ጉዳቶች፦ አውራ ጣቴና ጉልበቴ እየታመሙ ነው

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት በአዳራሽ ውስጥ ቮሊቦል ስጫወት ኖሬ ከሦስት ወር ወዲህ ወደ አሸዋ ሜዳ ተዛውሬአለሁ። አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ለሰውነቴ የሚመች መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ሳምንት ኳስ ለማዳን ወደ ፊት ስወረወር የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ታች እንደታጠፈ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ቀረና የሰውነቴ ክብደት በሙሉ አረፈበት። መገጣጠሚያው ከላይ በኩል እስካሁን እንዳበጠ ነው። ከጉልበቴ ሎሚ ሥርም ሕመም ጀምሮኛል። እንዲህ ያሉ ጉዳቶች የተለመዱ ናቸው? መጫወቴንስ ልቀጥል?

መልስ 1
እግዚአብሔር ይማርዎ። የጣትዎ ጉዳት በባዶ እግር አሸዋ ላይ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ሲሆን የሚጎዳውም በመገጣጠሚያው የላይኛው ክፍል ያለው ሽፋንና ጅማት ነው። ቀላል መስሎ ቢታይም ለመሮጥም ሆነ ለመዝለል መሬቱን የምንገፋው በዚሁ ጣት ስለሆነ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሊያስቸግር ይችላል። በጣቱ መግፋት ካቃተዎ ስብራት አለመኖሩ በራጅ ይታይ። ሕመሙ ከቀለለ በኋላም ወደ ታች እንዳይታጠፍ በፕላስተር ደግፈው ይጫወቱ።

መልስ 2
በጣቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ጉልበትዎ ነው። አሸዋ ስንወድቅበት ያሳርፈናል፣ ስንዘልበት ግን ከእግራችን ሥር ስለሚሸሽ እያንዳንዱ ዝላይ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በዚያ ላይ ቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ተቀያሪ የለም፤ 8 ሜትር በ8 ሜትር የሆነውን ሜዳ ለሁለት ይሸፍናሉ። ስለዚህ በአዳራሽ ውስጥ የሌላውን ተጫዋች እግር ረግጦ በመውረድ የሚመጣው የቁርጭምጭሚት ወለምታ እዚህ ቢቀንስም በድግግሞሽ የሚመጣው የጉልበት፣ የወገብና የትከሻ ጉዳት የተለመደ ነው። ሕመሙ ሰውነትዎ ሲሞቅ የሚጠፋና ከጨዋታ በኋላ የሚመለስ ከሆነ የጉልበት ጅማት መጎዳት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጨርሶ ከመተኛት ይልቅ የዝላይ ብዛት መቀነስና በባለሙያ ምክር የጭን ጡንቻን ቀስ በቀስ ማጠንከር ይሻላል።

ትከሻዎንም ያስመርምሩ። እኔ አንዳች ሕመም ሳይሰማኝ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመ የቡድን ጓደኛዬ በምመታበት እጅ በኩል ብራኳዬ ላይ ያለው ሥጋ መጎድጎዱን አይቶ ነገረኝ። ሐኪም ሲመረምረኝ ወደዚያ ጡንቻ የሚሄደው ነርቭ ተጎድቶ ጡንቻው መክሳቱ ታወቀ። ክንድን ደጋግሞ ከራስ በላይ በኃይል መወርወር ይህን ሊያስከትል ስለሚችል በየጊዜው ሁለቱን ትከሻዎን በሰው ያስተያዩ።

መልስ 3
ከጨዋታ በፊት ሜዳውን በመሰቅሰቂያ ማገላበጥን አይርሱ፤ የተቀበረ ስባሪ ጠርሙስና ዛጎል የውስጥ እግርን ይቆርጣል። በጠራራ ፀሐይ የጋለ አሸዋም እግርን እስከ ማቃጠል ስለሚደርስ የአሸዋ ካልሲ ማድረግ ይበጃል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጉልበቴ ሕመም ልክ እንደተገለጸው ሲሞቅ ጠፍቶ ማታ የሚመለስ ነው። ነገ ራጅ እነሣለሁ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ሜዳ አልገባም።